ከለገሀር እስከ ዱከም፦ የአውቶቡሱ መስመርና የቅጣት መዝገባችን

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በሥራ አመራር ኮሚቴው ስም የቀረበ ንግግር)

ቡናው እስኪደርስ ጥቂት ጊዜ ስጡን። የምንናገረው ስለ ብድርና ስለ ቁጠባ ነው፤ ግን በአውቶቡስ በኩል ዞረን ነው የምንደርስበት።

አምና በዚሁ አዳራሽ ስንሰበሰብ ከደጋፊዎቻችን አንዷ አንድ ጥያቄ አንስተው ነበር። «ብድር ወስደው የሚነግዱት አባሎቻችሁ ትጉህ ናቸው፤ ሸቀጣቸውም ተፈላጊ ነው። ታዲያ ክፍያቸው ለምን ይዘገያል? ስብሰባ ላይ አርፍደው የሚመጡትስ ለምን ሁልጊዜ እነዚያው ሴቶች ሆኑ?» አሉን። እኛም «እንመክራቸዋለን» ብለን መለስን። አሁን ስናስበው በዚያ መልስ እናፍራለን።

ጉባኤው ካለቀ በኋላ የቅጣት መዝገቡን አወጣን። ደንባችንን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ የቁጠባ ስብሰባ አለ፤ ያረፈደች 10 ብር፣ የቀረች 20 ብር ትከፍላለች፤ የወሩን ክፍያ ያሳለፈች ደግሞ ለብቻው ትቀጣለች። ደንቡን ያወጣነው እኛው ነን፤ ሲጸድቅ ያጨበጨብነውም እኛው ነን። መዝገቡን ገጽ በገጽ ስናይ ግን አንድ ነገር ታየን። እዚሁ ዱከም ጉልት የዘረጉ፣ ቤታቸው እንጀራ ጋግረው የሚያስረክቡ፣ ሥጋ ቤቶቹ አጠገብ ቡና የሚያፈሉ እህቶቻችን ስማቸው እምብዛም የለበትም። የሚደጋገመው ወደ አቃቂ፣ ወደ ሳሪስና ወደ ለገሀር ሄደው የሚሸጡት ስም ነው። ሰነፎቹን ስንቀጣ የኖርን መስሎን ነበር፤ ለካስ መንገደኞቹን ነው ስንቀጣ የኖርነው።

ስለዚህ ስለ መንገዱ ታላላቆቻችንን ጠየቅን። በየቤታቸው ሄደን፣ ቡና እየጠጣን፣ የሰማነውን ጻፍን። ዛሬ የምናነብላችሁ የዚያን ጭማቂ ነው።

ዱከም ከአውቶቡስ በፊት የባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም ነው። በአቃቂና በቢሾፍቱ መካከል የእኛዋ ዱከም ጣቢያ ነበረች። ዛሬ «ለገሀር» ስንል አውቶቡስ ነው የሚታየን፤ ስሙ ግን የባቡር ነው፤ «ላ ጋር» በፈረንሳይኛ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። አውቶቡሶቹ ኋላ መጥተው ከባቡሩ ደጃፍ ቆሙ፤ ስሙንም ወረሱ። ከእናቶቻችን አንዳንዶቹ ልጆች ሳሉ ባቡሩ ሲቆም እንቁላልና እሸት ሽምብራ በመስኮት ይሸጡ እንደነበር አጫውተውናል። አንዷ እናታችን «ንግድ የተማርኩት ከባቡር ነው» ይላሉ። «ባቡሩ ፊሽካ እስኪነፋ ድረስ ነው የምትሸጭው፤ መልስ ፍለጋ ስትዳብሺ ከነብርሽ ይሄድብሻል» ብለው ሲስቁ እኛም ሳቅን። ያ ባቡር ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለውን ጉዞውን ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። ሴቶቹ ግን ከዚያ በፊትም ቢሆን ወደ መኪናው መንገድ ከወጡ ቆይተዋል፤ ባቡር በቀን ስንት ጊዜ ያልፋል?

በመኪናው መንገድ ላይ መጀመሪያ ያገኙት የጭነት መኪና ነው። ይህንን ሲያወሩን እናቶቻችን ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ጭነት ላይ ተቀምጦ በነፋስና በአቧራ መሄድ አንድ ነገር ነው። ጋቢና መግባት ግን ሌላ ነገር ነበር። ጋቢና የተቀመጠች ወጣት ሒሳቧ በገንዘብ ብቻ እንደማያልቅ ሹፌሩም ረዳቱም ያውቁ ነበር፤ እሷም ታውቅ ነበር፤ እናቷም ታውቅ ነበር። «ስለዚህ ልጃችንን ከኋላ፣ ከጆንያው ላይ እናስቀምጣት ነበር፤ ብትወድቅ ይሻል ነበር» ያሉን እናት አሉ። አውቶቡስ ለምን እንደዚህ እንደሚወደድ የገባን እዚህ ላይ ነው። አውቶቡስ ትኬት አለው። ትኬት የቆረጠች ሴት ለማንም ምንም ዕዳ የለባትም።

አዲስ አበባ ውስጥ የሕዝብ አውቶቡስ የተጀመረው ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ በ1935 ዓ.ም ነው፤ መነሻውም ከጣሊያን የተማረኩ ጥቂት መኪኖች ነበሩ። በ1944 ዓ.ም አክሲዮን ማኅበር ሆኖ በ10 አውቶቡሶች በ4 መስመሮች መደበኛ ሥራ ጀመረ። ከአብዮቱ በኋላ የመንግሥት ሆነ። በ1986 ዓ.ም ደግሞ አንበሳ የከተማ አውቶቡስ አገልግሎት ድርጅት ተብሎ ራሱን ችሎ ቆመ። መስመሩም ውሎ አድሮ ከከተማው ወሰን አልፎ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ የእኛዋም ዱከም ደረሰ። ከለገሀር ተነስቶ በጎተራ፣ በሳሪስ፣ በቃሊቲ፣ በአቃቂና በገላን በኩል ወደ 37 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ለመኪና ረጅም አይደለም። እሸት ተሸክማ ለቆመች ሴት ግን ረጅም ነው።

ቀይና ቢጫውን ማን የማያውቀው አለ። ከእኛ መካከል ከፊደል በፊት የአውቶቡስ ቁጥር የተማርን ብዙ ነን። ቁጥሩን አናነበውም ነበር፤ መልኩን ነው የምናውቀው፤ ሰው በፊቱ እንደሚታወቅ። ማኅበራችን የጎልማሶች ትምህርት ሲጀምር መምህሯ 1፣ 2፣ 3 ብላ ሰሌዳ ላይ ስትጽፍ፣ «ይቺንማ አውቃታለሁ፤ እዚህ ላይ አትቆምም» ያለችው እህታችን ዛሬ የሒሳብ ኮሚቴ አባል ናት። እሷም ስቃ ፈቅዳልን ነው የምንናገረው።

አውቶቡሱ ለነጋዴ ሴት የሰጣት ትልቁ ነገር የታወቀ ዋጋ ነው። ከእኛ ታላላቆች በስሙኒ የተሳፈሩ አሉ። ዋጋው ከዘመን ዘመን ጨምሯል፤ ነገር ግን ማታ ስትተኛ ነገ ስንት እንደምትከፍል ታውቀዋለህ። መቀነት ውስጥ የመሄጃው ለብቻ፣ የመመለሻው ለብቻ ይቋጠራል፤ የቀረው የሽሮና የልጅ ደብተር ነው። በእንዲህ ያለ ሒሳብ ላይ ነው የእኛ ዓይነት ንግድ የሚቆመው። ዋጋው ጠዋት አንድ፣ ማታ ሌላ ከሆነ፣ ዝናብ ሲጥል ደግሞ ሦስተኛ ከሆነ፣ ትርፍ የሚባለው ነገር መንገድ ላይ ይቀራል።

በደርግ ዘመን መንገዱ ሌላ ጣጣ ነበረበት። የአድአ ጤፍ የታወቀ ነው፤ ግን እህል እንደ ልብ ወደ ከተማ አይገባም ነበር። ገበሬው ኮታውን ለእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ያስረክባል፤ ተሳፋሪ ኬላ ላይ ይፈተሻል። እናቶቻችን ጤፍ በልጅ ማዘያ ውስጥ፣ በትራስ ጨርቅ ውስጥ፣ ከነጠላ ሥር በወገብ ታጥቀው አልፈዋል። አንዷ «ወፍሬ ሄጄ ቀጥኜ ነበር የምመለሰው» ብለውናል። የሚያሳዝነውም የሚያስቀውም ይኸው ነው። በ1982 ዓ.ም ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ የእህል ንግዱ ተለቀቀ። ከዚያ በኋላ ነው ማዳበሪያውን በይፋ ተሸክሞ መሳፈር የተቻለው። ሸክሙ በይፋ ሲሆን ደግሞ ለሸክሙ ቦታ የሚባል ጥያቄ ተወለደ። እስከ ዛሬም አልተመለሰም።

እዚህ ላይ ስለ ሌሎቹ በሮች አንድ ነገር ሳንል አንለፍ። አዲስ አበባን የከበቡት ከተሞች ሁሉ በየበራቸው ሴቶች ያስገባሉ። የሱሉልታ እህቶቻችን ወተት ይዘው የእንጦጦን ብርድ ይወርዳሉ፤ ወተት ደግሞ አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ይረጋል። በቡራዩና በሰበታ መንገድም እንዲሁ ቅርጫትና ጀሪካን ይጓዛል። እንጦጦ ላይ ደግሞ ምንም መኪና ሳይኖራቸው ጀርባቸውን መኪና ያደረጉ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አሉ። ስለዚህ እኛ ቅሬታ ስንናገር ከሁሉ የከፋው የእኛ ነው ማለታችን አይደለም። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከ2015 ዓ.ም ወዲህ በሸገር ከተማ ሥር ናቸው፤ የአስተዳደሩ ስም ይለዋወጣል፤ ሴቲቱ ግን ጎሕ ሳይቀድ የምትነሳበት ሰዓት አልተለወጠም።

ከ1980ዎቹ አጋማሽ በኋላ የታክሲና የሚኒባስ ሥራ ለግል ባለንብረት ሲለቀቅ ነገሩ የቀለለ መስሎን ነበር። በእርግጥም በቀን መሀል ቀልሏል። ውይይቱ፣ ሚኒባሱ፣ ኋላም ቅጥቅጡና አባዱላው መጡ። ማንም ሴት «ባይመጡ ይሻል ነበር» አትልም። ነገር ግን ጠዋትና ማታ፣ ሰው ሲበዛ፣ መንገዱ ይቆራረጣል። ታፔላው ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ረዳቱ የሚጠራው ሌላ ይሆናል። ከለገሀር ሳሪስ አንድ ሒሳብ፣ ከሳሪስ ቃሊቲ ሌላ ሒሳብ፣ ከቃሊቲ አቃቂ ሦስተኛ፣ ከአቃቂ ዱከም አራተኛ። በየመውረጃው ሸክሙን ማውረድ፣ በየመሳፈሪያው ማውጣት አለ። ለማዳበሪያዋ የሰው ዋጋ ትጠየቃለች። ሁለት ሰው ሆና ትከፍላለች፤ የምትቀመጠው ግን አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ያውም ከተቀመጠች። በ2012 ዓ.ም ኮሮና ገብቶ ተሳፋሪ በግማሽ ሲቀነስና ታሪፍ ሲጨምር ደግሞ ማዳበሪያው የሰው ወንበር ያዘ ተብሎ ጨርሶ የማይጫንበት ቀን ነበር።

ደጋፊዎቻችን ዱከም ስትመጡ ግን ይህ ሁሉ አይታያችሁም። የምታዩት ዕድገት ነው፤ ዕድገቱም እውነት ነው። የምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን እዚሁ ነው ያለው። ሁዋጂየን የተባለው የቻይና የጫማ ፋብሪካ በ2004 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር ብዙ ወጣት ሴቶች ተቀጠሩ። ዛሬ ከአባሎቻችን ልጆች ፋብሪካ የምትውል አለች፤ ለሠራተኛ የቀረበ ሰርቪስ የምትሳፈርም አለች። የአዲስ አዳማ ፈጣን መንገድም ተከፈተ። በመስከረም 2008 ዓ.ም ቀላል ባቡሩ ከተማ ውስጥ ጀመረ፤ በ2 ብርና በ6 ብር መካከል እያስከፈለ እስከ ቃሊቲ ደረሰ። ቢሾፍቱ የሚባሉት አውቶቡሶችም የሚገጣጠሙት እዚሁ ጎረቤታችን ነው። እነዚያ አዳዲስ አውቶቡሶች ሰው ሳይጭኑ በደጃችን አልፈው ወደ አዲስ አበባ ሲሄዱ እጃችንን ዘርግተን የምናቆማቸው የመሰለን ሞኞች ነበርን። እንግዲህ ሴት ልጅ አውቶቡስ ካየች እጇን ትዘረጋለች፤ ምን ታድርግ።

ፈጣኑን መንገድ እንመልከት። በ6 ረድፍ መኪና ያስኬዳል፤ ሹፌሮች ይወዱታል፤ አዳማ በአጭር ጊዜ ይደረሳል። ነገር ግን በየመንደሩ አይቆምበትም። ድሮ አዳማና ከዚያ ወዲያ የሚሄዱት አውቶቡሶች በዱከም መሀል ነበር የሚያልፉት፤ ባዶ ወንበር ካለ ይጭኑናል፤ ሲቆሙም እሸት እንሸጥላቸዋለን። አሁን ብዙዎቹ በፈጣኑ መንገድ ያልፋሉ። ከአንድ ሜዳ ማዶ ሲያልፉ ድምፃቸውን እንሰማለን። ቀላል ባቡሩም ቃሊቲ ላይ ያበቃል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ደግሞ የእኛ ጉዳይ ነው። የሰርቪስ መኪናው በፈረቃ ሰዓት ለሠራተኛ ነው። ሁሉም ጥሩ ነገሮች ናቸው፤ ግን ሸክም ይዛ ጎሕ ሲቀድ ለምትሄድና ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ለምትመለስ ሴት የቀረላት ያው በአሮጌው መንገድ የሚመጣው አውቶቡስ ነው።

አሁን ለመናገር የከበደንን እንናገር። በዚህ አዳራሽ አንዲት እህታችን አለች፤ ስሜን አትጥሩ ብላናለች። አምና በጥር ወር፣ የእሸት ሽምብራ ጊዜ ነው፤ ሁለት ማዳበሪያ እሸት ይዛ ሳሪስ ሄደች። ያን ቀን ሻጭ በዛ። አንዱ ማዳበሪያ አልተሸጠም። ማታ ቃሊቲ ስትደርስ መኪና ጠፋ። የመጡት ቅጥቅጦች ሰው እንጂ ዕቃ አንጭንም አሏት። አንዱ እጥፍ ጠየቃት፤ ያን ከከፈለች ለብድሩ የያዘችው ይነካል። «ትንሽ ልጠብቅ» አለች። ትንሹ ሌሊት ሆነ። የስልኳ ባትሪ አልቋል፤ ሕፃኗን ጎረቤት ጋ ነው የተወችው። በአንድ ሱቅ በረንዳ ላይ ማዳበሪያዋን ተደግፋ አደረች። የሱቁ ዘበኛ እሳት አንድዶ ስለነበር አጠገቡ አስቀመጣት፤ ሻይም ሰጣት። እግዜር ይስጠው፤ ስሙን አላወቀችም። ሲነጋ እሸቱ ጠውልጎ ነበር፤ በተገኘው ሸጣ ተመለሰች።

ያ ቀን ዓርብ ነበር። ቅዳሜ ታማ ዋለች፤ ስብሰባ ቀረች። የወሩ ክፍያም አለፈ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስትመጣ፣ «ለምን ቀረሽ?» ብለን ሳንጠይቅ መዝገቡን ከፍተን ቀጣናት። የቀረችበትን 20 ብር፣ ከዚያም የክፍያ መዘግየቱን። መቀነቷን ፈትታ ከፈለች። አንድ ቃል አልተናገረችም። የሆነውን የሰማነው ከወራት በኋላ፣ ይህንን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ቤቷ ሄደን ስለ አውቶቡስ ስንጠይቃት ነው። «ለምን አልነገርሽንም?» አልናት። «ደንብ ነዋ» አለችን። ከመካከላችን ያለቀሰች ነበረች። ለቅሶው ግን ለእሷ ምንም አይፈይድም።

ስለዚህ ኮሚቴው ዛሬ ለጉባኤው ሦስት ነገር ያቀርባል።

መጀመሪያ ከቅጣቱ እንጀምር። ከከተማ ውጭ የሚነግዱ አባላት በመንገድ ምክንያት የከፈሉት የማርፈጃና የመቅሪያ ቅጣት እንዲመለስላቸው፣ የቁጠባ ስብሰባውም ከቅዳሜ 11 ሰዓት ወደ እሑድ ከሰዓት 9 ሰዓት እንዲዛወር እንጠይቃለን። በዚህ ላይ ኮሚቴው ራሱ አልተስማማም፤ ይህንን መደበቅ አንፈልግም። ገንዘብ ያዣችን «ለአንዷ ያላላችሁት ለሁሉም ይላላል፤ ይህ ማኅበር እዚህ የደረሰው በደንቡ ጥብቅነት ነው» ብላለች። እውነቷን ነው። ዕቁብ ሲፈርስ ያየች ሴት ሁሉ እውነቷን እንደሆነ ታውቃለች። ሆኖም ብዙዎቻችን የምንለው፣ ደንቡ ይጥበቅ፤ ግን ሰዓቱ ሴቲቱ ልትደርስበት የምትችለው ሰዓት ይሁን ነው። እሑድ ከሆነ ደግሞ ፋብሪካ የሚውሉት ወጣቶቻችንም ይመጣሉ፤ ቅዳሜ ማታ አንድም ቀን ሙሉ ሆነው አይተናቸው አናውቅም።

ሁለተኛው ደጋፊዎቻችንን ይመለከታል፤ እንዳታዝኑብን አስቀድመን እንለምናለን። ለዚህ ዓመት የልብስ ስፌት መኪና ልትገዙልን አስባችኋል። ስፌቱ ጥሩ ነው፤ ቀደም ሲል የሰጣችሁን መኪኖችም እየሠሩ ነው። ነገር ግን የዚህ ዓመቱ ገንዘብ አቃቂ ገበያ አጠገብ አንዲት ክፍል ለመከራየት እንዲውል ብትፈቅዱልን እንወዳለን። ያልተሸጠ ዕቃ ማታ ተመልሶ ዱከም መምጣት የለበትም። ቁልፍ ያለው በር፣ ከዝናብ የሚያስጠልል ጣሪያ፣ መደርደሪያና ሚዛን ከኖረ፣ ሴቲቱ ባዶ እጇን ትመለሳለች። ባዶ እጅዋን የሆነች ሴት ደግሞ በማንኛውም መኪና ትሳፈራለች፤ ለማዳበሪያም የሰው ዋጋ አትከፍልም። እሸት ቢጠወልግም ምስር፣ ሽሮና በርበሬ አይጠወልግም። ለፎቶግራፍ እንደ ስፌት መኪና እንደማያምር እናውቃለን። ባዶ ክፍል ምን ፎቶ ይነሳል?

ወጣቶቻችን ደግሞ «ክፍል ከመከራየት ለምን የራሳችንን ቅጥቅጥ አንገዛም?» ብለው ነበር። ባለመኪና መሆን ያምራል፤ እኛንም አጓጉቶን ቁጭ ብለን አሰላን። ነዳጁን፣ ጎማውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የሹፌሩንና የረዳቱን ደመወዝ፣ የመስመር ፈቃዱን፣ ጋራዥ የሚቆምበትን ቀን አንድ በአንድ ጻፍን። መኪናው አንድ ጊዜ ሞተር ቢያወርድ ተዘዋዋሪ ብድራችን በሙሉ አብሮ ይወርዳል። ስለዚህ ተውነው። ሐሳቡን ያመጡትን ግን እናመሰግናለን፤ ስሌቱንም የሠሩት ራሳቸው ናቸው።

ሦስተኛው ደብዳቤ ነው። ለሚመለከተው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት በማኅበራችን ስም ጽፈናል። የምንጠይቀው ከዱከም ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ የሚነሳ አንድ አውቶቡስ፣ ከለገሀር ወይም ቢያንስ ከቃሊቲ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ የሚመለስ አንድ አውቶቡስ፣ ፌርማታው ላይ ከፀሐይና ከዝናብ የሚያስጠልል ጣሪያ፣ እንዲሁም ለሸክም የተወሰነ ቦታና የታወቀ ታሪፍ ነው። ሸክማችን በነፃ ይሂድ አላልንም። ዋጋው ይታወቅ ነው ያልነው።

«ደብዳቤ ምን ይሠራል?» የሚሉ አሉ፤ ከእናንተም መካከል እንዳሉ እናውቃለን። በአሜሪካ በአላባማ ግዛት በሞንትጎመሪ ከተማ ጥቁሮች አውቶቡስ አንሳፈርም ብለው ከአንድ ዓመት በላይ በእግራቸው የሄዱትን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ያ የሆነው እ.ኤ.አ. በ1955 መጨረሻ ነው። ብዙ የማይነገረው ግን ከዚያ በፊት፣ በ1954፣ ጆ አን ሮቢንሰን የተባሉ መምህርት በሴቶች ማኅበራቸው ስም ለከተማው ከንቲባ ደብዳቤ ጽፈው ነበር። ደብዳቤው ስለ መቀመጫው ብቻ አልነበረም፤ በጥቁሮች ሰፈር አውቶቡሱ እንደ ነጮቹ ሰፈር በየማዕዘኑ ይቁም የሚልም ነበረበት። በአንዳንድ ቦታም ከበፊቱ ይልቅ በብዙ ማዕዘን መቆም እንደጀመረ እዚያው ደብዳቤ ላይ ጠቅሰዋል። የእኛ ጉዳይ ከእነሱ ጋር የሚመሳሰል አይደለም፤ የከፋውን እነሱ አይተዋል። እኛ የወደድነው ፌርማታን የመሰለ ትንሽ ነገር ሳይንቁ መጻፋቸውን ነው።

እንግዲህ አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያው ሐሳብ ላይ እጅ በማውጣት ድምፅ ትሰጣላችሁ፤ ገንዘብ ያዣችን ተቃውሞዋን በራሷ አንደበት ታስረዳለች፤ አጨብጭባችሁ አታስቁሟት። በሁለተኛው ላይ ደጋፊዎቻችን ዛሬ መልስ እንዲሰጡን አንጠብቅም፤ የኪራዩ ዋጋና የክፍሉ ስፋት የተጻፈበት ወረቀት ከቡናው ጋር ይደርሳችኋል። ደብዳቤው በር አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መፈረም የምትችሉ ፈርሙ፤ ለአሻራ ቀለም ተዘጋጅቷል፤ አሻራም ፊርማ ነው። ሳታነቡ ወይም ሳይነበብላችሁ እንዳትፈርሙ፤ ከተማሪዎቻችን ሁለቱ ጠረጴዛው ዘንድ ቆመው ያነቡላችኋል።

ከአቃቂና ከገላን የመጣችሁ እህቶቻችን ቀድማችሁ ፈርሙ፤ ወረፋ ይለቀቅላቸው። መኪናው 12 ሰዓት ላይ ነው የሚነሳው፤ አሁን 11 ከሩብ ሆኗል።